ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ

ኑ ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ። አንተም በር ላይ ቆመህ አትቅር፤ ግባ፣ አጎዛው ለሁላችሁም ይበቃል። የምነግራችሁ ተረት አይደለም፤ በቤቴ የደረሰ ነገር ነው። ሳቅ የሚያስቃችሁ ቦታ ይኖራል፤ ሳቁ፣ አልቀየማችሁም። እኔ ግን ስናገረው እናደዳለሁ። ድምፄ ከፍ ካለ እናንተን የተቆጣሁ አይምሰላችሁ። ስድስት ወር አልፎታል፤ ዛሬም ሳነሣው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ ስለ ልጄ ስለ ለተጊዮርጊስ ነው። ሰባት ዓመት በውትድርና ቆይታ ባለፈው ሰኔ የተሰናበተችው፣ የእኔና የደብሪቱ ልጅ። ወር በገባ በሃያ ሦስት፣ በጊዮርጊስ ዕለት ተወልዳ ነው ካህኑ ወለተ ጊዮርጊስ ያሏት። ወለተ በግእዝ ሴት ልጅ ማለት ነው፤ የጊዮርጊስ ልጅ ማለታቸው ነው። በእኛ አፍ ግን ያች የፊተኛዋ «ወ» ትወድቃለች። ጎረቤቱም፣ እናቷም፣ እኔም ለተጊዮርጊስ እያልን ነው ያሳደግናት። አንደኛ ክፍል ስትገባ መምህሯ «ስምሽ ማነው?» ሲሏት «ለተጊዮርጊስ» አለች፤ እንደ አነጋገሯ አንድ ላይ ጻፉት። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደዚያው ሄደ።

ወታደር ከሆነች በኋላ የኮሌጅ ነገር ከሐሳቧ ወጥቶ አያውቅም። በጦር ክፍሏ የሕክምና ረዳት ነበረች። ቁስል ታስራለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ ሙቀት ትለካለች። ይህን በወግ በማዕረግ ተምሬ ነርስ ልሁን አለች። በሦስተኛው ዓመት ለዕረፍት ስትመጣ ከሻንጣዋ አንድ የባዮሎጂ መጽሐፍ አወጣች። ሽፋኑ ተገንጥሎ በቁስል መስፊያ ክር ሰፍታዋለች። እናቷ ክሩን በጣቷ እየዳበሰች «አንቺ፣ ይኸን የሰው ገላ በሚሰፉበት?» ብላ አማተበች። ከመጽሐፉ ጋር ደብተር ነበራት። በደብተሩ ላይ ከሠራዊቱ ስትወጣ የሚያስፈልጋትን ወረቀት ሁሉ፣ የምታጠናውን ትምህርት ሁሉ፣ በየወሩ ከፋፍላ ጽፋዋለች። «ስሰናበት ሃያ ስድስት ዓመት ይሆነኛል አባዬ። ሃያ ዘጠኝ ሲሆነኝ ተመርቄያለሁ» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ችግር መካከል ሆና ሃያ ዘጠኝ ዓመቷን ታስብ ነበር።

በዚያው ዕረፍት ደግሞ አንድ ነገር አደራ ብላኝ ሄዳለች። ስለዚያ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሌላውን ሰው ሁሉ ልቆጣ።

ሰኔ ላይ መጣች። ሐምሌን፣ ነሐሴን ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ዋለ፣ እሷ ስታጠና ዋለች። መስከረም ላይ ደብረ ብርሃን ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ተፈተነች፤ ስሙን ልተወው፣ የሱ ጥፋት አይደለም። ውጤቱ ሲለጠፍ ሦስተኛ ሆና ነበር። ከዚያ ሁሉ ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣ ልጅ መካከል ሦስተኛ! ደብሪቱ እልል ስትል ጎረቤት ልጅ የተዳረ መስሎት መጣ።

የቀረው ምዝገባ ብቻ ነው። ዋናውን ማስረጃ አሳይቶ መፈረም። ጥቅምት ላይ፣ ረቡዕ ቀን፣ አብሬያት ሄድኩ። አትምጣ አላለችኝም። የሚያኮራ ቀን ነው ብዬ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ነበር።

የምዝገባው መስኮት ውስጥ ሳሌም የምትባል መዝጋቢ ልጅ ተቀምጣለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ወረቀቶቹን ተቀበለች፣ ኮምፒዩተሩን መታ መታ አደረገች፣ ወረቀቶቹን እንደገና አየች። ከዚያ ሁለት ቦታ ከፍላ አስቀመጠቻቸው።

«የሁለት ሰው ማስረጃ ነው ያመጣችሁልኝ» አለች።

«የአንድ ሰው ነው» አልኩ። «ባለቤቷ ይቻት ቆማለች።»

«አይ አባባ፣ ይዩት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ለተጊዮርጊስ ወልደአረጋይ ደምሴ ይላል። የስንብት ደብዳቤውና መታወቂያው ግን ሌላ ነው። ስም፣ ወለተ። የአባት ስም፣ ጊዮርጊስ። የአያት ስም፣ ወልደአረጋይ።»

«የአያት ስም ማን?»

«ወልደአረጋይ።»

«ወልደአረጋይ እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው አያቷ ነዎት ማለት ነው።»

ከኋላችን ሰልፍ የያዙት ልጆች ሳቁ። እኔ በመስኮቷ አንገቴን አስገባሁ።

«ጊዮርጊስስ ማነው ታዲያ?»

«እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። በዚህ ወረቀት ልጅዎ ነው።»

«ቅዱስ ጊዮርጊስን ወለድኩት?»

አሁንማ ግቢው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ አላልኳችሁም? ያን ቀን ግን ሳቃቸው እንደ እሳት ነው የለበለበኝ። አባቴ ደምሴ ከነጭራሹ ጠፍቷል፤ እኔ ባላረጀሁበት አያት ሆኛለሁ፤ መካከላችን ሰማዕቱ ገብቶ ልጄን ወልዷል። ቃሉ ከምን እንደመጣ ላስረዳት ጀመርኩ። ወለተ ምን ማለት እንደሆነ፣ «ወ» እንዴት እንደምትወድቅ፣ የሸዋ ሰው አፍ እንዴት እንደሆነ ነገርኳት። አዳመጠችኝ፣ ልጅቱ ስድ አይደለችም። ስጨርስ ግን እንዲህ አለች፦

«ገብቶኛል አባባ። ሲስተሙ ግን ግእዝ አያውቅም።»

«እንግዲያው አስተምሩት!» ብዬ የመስኮቷን ደፍ በጡጫ መታሁት። እስክሪብቶዋ ተንከባልሎ ወደቀ።

ከሰልፉ አንዱ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ሰልፉ ቆመ እኮ» አለ። ዞሬ ምን እንዳልኩት አልነግራችሁም። ዘበኛው መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። በእኔ ዕድሜ፣ በነጭ ጋቢ፣ ክንዴን በዘበኛ!

ለተጊዮርጊስ ይህ ሁሉ ሲሆን እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ፣ ወታደር እንደሚቆመው ቆማ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ምን ባመጣ ይስተካከላል?»

«የፍርድ ቤት ውሳኔ። ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው የሚል» አለች ሳሌም። «ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እቀበልሻለሁ። አሥራ አንድ ሲል ሲስተሙ በራሱ ይዘጋል፤ ቦታሽ ለተጠባባቂ ይሄዳል። እባክሽ እንዳትዘገዪ፣ ውጤትሽ ጥሩ ነው።»

«እሺ። አመሰግናለሁ» ብላ ወረቀቷን ሰበሰበች።

ከኮሌጁ ፊት ለፊት ከምትገኝ ሻይ ቤት ገባን። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቁት ነው፤ እኔ ግን ያልበኝ ነበር። ሻይ ቀረበልን። እኔ አላቆምኩም፤ ኮምፒዩተሩን ሰደብኩ፣ መዝጋቢዋን ሰደብኩ፣ የሠራዊቱን ጸሐፊ ሰደብኩ፣ ፊደል ሳይቆጥር ወንበር የያዘ ነው ብዬ ትውልዱን ሁሉ ሰደብኩ።

ለተጊዮርጊስ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀችኝ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ጊዜ ተናገረች።

«ነገ ጠዋት ጎረቤላ፣ ወረዳችን ፍርድ ቤት እንሂድ።»

«እኔ ፍርድ ቤት የምሄድ ምን ሰርቄ ነው? ነገ የኮሌጁን ዲን ነው የማነጋግረው። የተማረ ሰው ይገባዋል።»

«ሐምሌ ላይ ስጠይቅዎ፣ ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር፣ አያስፈልግም አሉኝ ብለውኝ ነበር» አለች። «ሄደው ነበር?»

እርስዎ አለችኝ፣ ልጆቼ። ከተወለደች ጀምሮ አባዬ፣ አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ ናት። ሌላ ቤት አክብሮት ነው። ያን ቀን ግን በሩን ዘግታ ከውስጥ እንደቆለፈችብኝ ነው የሰማሁት።

እንግዲህ ያን ያቆየሁትን ነገር ልናገረው።

ለውትድርና ስትመዘገብ ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ወላጅ ይፈርም ተብሎ ነበር፤ ለመፈረም የተሰጠኝን ወረቀት ጨርሼ ሞላሁት። እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ «አባዬ እኔ ልጻፈው» ብላ እጇን ዘርግታለች። «ተይ፣ ያንቺ ጽሕፈት የዶሮ ጭረት ነው» አልኳት። እንደምታውቁት በሰፈሩ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ማመልከቻ የሚያረቀው እኔ ነኝ። ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ከመሠረተ ትምህርትም ወረቀት አለኝ። የመንግሥት ወረቀት ላይ እንደ ጎረቤት አፍ ለተጊዮርጊስ ተብሎ አይጻፍም አልኩ በልቤ። ሙሉውን፣ የግእዙን፣ ወለተ ጊዮርጊስን ልጽፍ ተነሣሁ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ሳጥኖች አሉ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሳጥኖቹ ጠባብ ናቸው፤ የእኔ ፊደል ትልቅ ነው። ወለተ የሚለው የመጀመሪያውን ሳጥን ሞላው። ጊዮርጊስ ቦታ ሲያጣ ሁለተኛው ውስጥ ጻፍኩት። ወልደአረጋይ ሦስተኛው ውስጥ ገባ። አባቴ ደምሴ ውጭ ቀረ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አየሁት፤ ጽሕፈቱ ያምር ነበር። ለሰጠሁት ሰውዬ እንኳ «እንዲህ ነው የሚጻፍ» አልኩት።

ሰባት ዓመት ሙሉ ወለተ እያሉ ጠሯት። ወለተ ጊዮርጊስ። ጊዮርጊስ አባትሽ ምን ይሠራል ይሏት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ዕረፍቷ አደራ ያለችኝ ይህንን ነው። ደብተሯን ገልጣ የመጀመሪያውን መስመር አሳየችኝ፤ «የስም ማስተካከያ፣ ፍርድ ቤት» ይላል። «አባዬ፣ ፎርሙን የሞላኸው አንተ ስለሆንክ ያለ አንተ አይሆንም አሉኝ። እኔ ነገ እመለሳለሁ። ጊዜ ስታገኝ ጎረቤላ ሄደህ አስጀምርልኝ። ኮሌጅ ስገባ ይህ ነው የሚያስቸግረኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

አልሄድኩም።

ለምን? ለምን በሉኝ እንጂ! በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ያለው ዘርአ ዳዊት ነዋ። አንድ የኔታ ዘንድ ነው ፊደል የቆጠርነው። እሱ ሀሁ ላይ ሲንገዳገድ እኔ ዳዊት ጨርሻለሁ። እሱ ግን ከተማ ገብቶ ተምሮ ወንበር ያዘ። አሁን ሄጄ «ዘርአ ዳዊት፣ የልጄን ስም መጻፍ አቅቶኝ ነው የመጣሁት» ልበለው? እሱስ «ወልደአረጋይ ተሳስቶ» ብሎ በማኅተም ይጻፍ? ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜም ጀርባውን በመስኮት አይቼ ጨው ገዝቼ ተመልሻለሁ።

እሷ ከዚያ ከሩቅ አገር፣ ኔትወርክ ስታገኝ ትደውላለች። ደህንነታችንን ጠይቃ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ «አባዬ፣ የስሙ ነገርስ?» ትላለች። እኔም «ተይዟል» እላለሁ። አራት ዓመት ሙሉ፣ ተይዟል። ስትመለስ ደግሞ አያስፈልግም ብለውኛል አልኳት። እንግዲህ ሻይ ቤት ቁጭ ብላ «ሄደው ነበር?» ያለችኝ ይህንን ነው።

ጥፋተኛ ሰው ሲያዝ እንዴት እንደሚጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተነሥቼ ጮህኩባት። አንቺን ያስተማርኩ እኔ፣ አንቺን ያሳደግኩ እኔ፣ ወታደር ሆንኩ ብለሽ አባትሽን በአደባባይ ትመረምሪኛለሽ ወይ አልኳት።

እሷም ተነሣች። የወታደር ድምፅ ምን ያህል እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ። «አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ!» አለች። አስተናጋጇ ትሪ ይዛ እንደቆመች ቀረች።

«አልሄድኩም» አልኩ።

የሁለታችንንም ሻይ ከፍላ ወጣች።

ብልህ ሰው እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እኔ ግን አላበቃሁም። ሐሙስ ጠዋት እሷና እናቷ ወደ ጎረቤላ ሲሄዱ፣ እኔ በሌላ መኪና ደብረ ብርሃን፣ ዲኑ ዘንድ ሄድኩ። ፍርድ ቤት ሳይገባ ነገሩን ካስተካከልኩት እሷም ትረሳዋለች፣ ዘርአ ዳዊትም አይሰማም ብዬ ነው። ዲኑ ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ፤ እስከ ስምንት ሰዓት በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል። የማን እንደሆነ እያወቅኩ አላነሣሁም።

ዲኑ ገና ጎልማሳ ናቸው፤ ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ። የግእዙን ነገር ከሥር ጀምሬ ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡኝም።

«ትክክል ነዎት ጋሽ ወልደአረጋይ» አሉ ስጨርስ። «የእኔም እናት ወለተ ማርያም ናቸው።»

«ይኸው! እርስዎ ያውቁታል!»

«አውቀዋለሁ። እናቴ ግን በአንድ ሳጥን ነው የሚጽፉት።»

ምን ልበል? እሳቸው አልተሳለቁም፤ እኔ ነኝ የተቃጠልኩት። «የፍርድ ቤቱን ወረቀት ይዛ ትምጣ፣ በአምስት ደቂቃ ትመዘገባለች። ከዚያ ውጭ ግን እኔም እጄ አጭር ነው» ብለው በር ድረስ ሸኙኝ። ውጭ ወጥቼ ስልኬን ሳየው አሥራ አንድ ጊዜ ተደውሏል። ፍርድ ቤቱ «ፎርሙን የሞላው ሰው ራሱ ቀርቦ ይማል» ብሏት፣ ቀኑን ሙሉ ደጅ ላይ ስትጠብቀኝ ውላለች።

ዓርብ ማለዳ ሦስታችንም ጎረቤላ ነበርን። ዘርአ ዳዊት መዝገቡን ከፍቶ ተቀምጧል። ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ሰው መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ «ወልደአረጋይ! እንዴት ሰነበትክ?» አለና ሥራውን ቀጠለ። አለቀ። ለዚህ ነበር። አራት ዓመት የሸሸሁት ይህን ነበር!

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። ደብሪቱ ያስጠራቻቸው ምስክሮች ማሉ፣ የክርስትና እናቷም ቃሏን ሰጠች። ተራዬ ሲደርስ ማልኩና ጀመርኩ፤ «ክብርት ዳኛ፣ ወለተ ማለት በግእዝ…»

«አባቴ» አለች ዳኛዋ፣ «እሱን መዝግበነዋል። ፎርሙን ማን ሞላው?»

«ሳጥኖቹ ጠባብ ነበሩ…»

«ማን ሞላው?»

ለተጊዮርጊስ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ነበረች። አላየችኝም፤ የግድግዳውን ሰዓት ነበር የምታየው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ተሳስቼ።»

ዘርአ ዳዊት ጻፈው። ቀና ብሎም አላየኝም።

ውሳኔው ከአራት ሰዓት በፊት ተሰጠ። መታተም ብቻ ቀረው። ልክ ሊታተም ሲል መብራት ጠፋ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ስድስት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት። ደጅ ላይ ወዲያና ወዲህ እያልኩ የመብራት ምሰሶውን ሰደብኩት፤ እንጨቱን! መብራት ሲመጣ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ማኅተም እስኪያርፍበት ዘጠኝ ሆነ። ሮጠን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ሾፌሩ «ሳይሞላ አልወጣም» አለ። ስድስት ሰው ይጎድላል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አንገቱን ላንቀው ነበር፤ ደብሪቱ ናት በጋቢዬ የጎተተችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ተነሣን። ጉም ወርዶ ስለነበር መኪናው መብራቱን አብርቶ በዝግታ ይሄዳል። ለተጊዮርጊስ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። መንገዱን ሙሉ ያየሁት ማጅራቷን ነው።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ነበር። ባጃጅ ይዘን በረርን። ግቢው በር ላይ ወረደች፣ ሮጠች። እኔ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ስደርስ መስኮቷ ዘንድ ቆማለች። ሳሌም ነጠላዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ነበረች። መስኮቷ ግን ክፍት ነው።

«ጠብቄሽ ነበር» እያለች ነው። «አሥራ አንድ ከአምስት ሆኗል። አሥራ አንድ ሲል በራሱ ተዘጋ። ነይ ግቢና እይው። የተጠባባቂዋም ስም ገብቷል።»

«ለአምስት ደቂቃ?» ብዬ ጮህኩ። «ሰባት ዓመት አገር የጠበቀች ልጅ፣ ለአምስት ደቂቃ?»

ሳሌም ዓይኗ እንባ አቀረረ። መልስ የሰጠችኝ ልጄ ናት።

«ለአምስት ደቂቃ አይደለም» አለች። «ለአራት ዓመት ነው።»

ከዚያ ወደ ሳሌም ዞረች። «ይህ ወረቀት ለሚመጣው ዓመት ያገለግለኛል?»

«ወረቀቱ ያገለግልሻል። ፈተናውን ግን እንደገና መፈተን አለብሽ።»

«እሺ» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

ከግቢው ስንወጣ መኪና እንፈልግ አልኩ። ቆመች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ አልመለስም» አለች። «እዚሁ ሥራ ፈልጌ አጠናለሁ።» ቀጥሎ ያለችኝን ቃል በቃል እነግራችኋለሁ። «እዚያ ሆኜ የማልጨነቅበት ነገር አልነበረም፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ ጓደኞቼ፣ በሕይወት ስለ መመለሴ። ስለ ስሙ ብቻ አልተጨነቅኩም። እሱን አባቴ ይዞታል እል ነበር።»

እናቷን ሳመች። እኔን እጄን ጨበጠችኝ። እንደ እንግዳ፣ እጄን።

አሁን ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ ትኖራለች። አንድ ብርድ ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ የመጀመሪያ ዕርዳታ ክፍል ቀጥሯታል፤ ማሽን ጣቱን የቆረጠውን ታስራለች፣ ከሥራ ስትወጣ ታጠናለች። ለገና አልመጣችም። ለጥምቀት አልመጣችም። ለፋሲካ መጥታ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ሄደች። ለእናቷ ስትደውል «አባባ ደህና ናቸው?» ትላለች። ናቸው! እኔ አንድ ነኝ፤ ብዙ የሆንኩት ለእሷ ብቻ ነው። ደብሪቱ ስልኩን ስታቀብለኝ የምንናገረው ስለ ዝናብና ስለ ገብስ ነው። ባለፈው ጊዜ «ይቅርታ» ልል አፌን ከፍቼ «ብርዱ እንዴት ነው?» ብያት አረፍኩ። ይኸው፣ ዛሬም ያው ሰው ነኝ፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ።

አሁንም ሰው ፎርም ይዞ ይመጣብኛል። ትናንት እንኳ አንዱ የልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። ልጁን ጥራና ራሱ ይጻፈው ብዬ መለስኩት። ተቀይሞኛል፤ ይቀየም።

እንግዲህ ጮህኩባችሁ፣ ይቅር በሉኝ ልጆቼ። አንድ ነገር ልለምናችሁና ተነሡ። መስከረም ላይ ለፈተናው ትቀመጣለች። ከእናንተ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ካለ፣ ገበያም ይሁን ሕክምና፣ መንገድ ላይ ካገኛችኋት አባትሽ ልኮን ነው አትበሏት። ምንም አትበሏት። ዝም ብላችሁ በስሟ ጥሯት፤ ለተጊዮርጊስ በሏት፣ ሳትከፍሉት፣ አንድ ላይ። ይችን ብቻ አስታውሱልኝ።